ቋ የምትለዋ መኪና

«አዙረው፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ፣ መዳፏን ከፊት ጎማው በላይ ባለው ሞላ ላይ ለጥፋ። አባቷ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ቋ! ሞላው እጇ ስር እንደ እንቁራሪት ዘለለ። «ሰማህ?» ስትለው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ምኑን? መኪናዬ ሰላም ናት አልኳችሁ እኮ!» ጋራዡ በሳቅ ሞላ። መካኒኩ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ቡሎን አይነካም፤ መፍቻውን ይዞ ቆመ። እናቷ ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች፦ ይሄ ድምፅ ካልጠፋ እሁድ ወደ ገዛ እህቷ ሰርግ የምትሄደው በባጃጅ ነው። በባጃጅ፣ ያን ሁሉ ቀሚስ ለብሳ!

አባቷ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚከፍተው፤ «ሐኪም ቤት ሄደህ ጆሮህን ታየው» ሲሉት ግን ያኮርፋል። ስለዚህ የጆሮ ነገር አላነሳችም። «ውረድ፣ ቦታ እንቀያየር» አለችው። እየተነጫነጨ ወረደ። መዳፉን ሞላው ላይ አስቀመጠችለትና ሄዳ መሪውን አዞረች።

ቋ! አባቷ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሳበ። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። «እስኪ ድገሚው።» ቋ! ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «ኧረ ትጮሃለች!»

«ሞላው የሚዞርበት ላይኛው ኩሽኔት ተበልቷል፣ ጋሼ። ዛሬውኑ ቀይሬ አስረክብዎታለሁ» አለ መካኒኩ።

«ቀይረው!» አለና አባቷ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት። «ለእናትሽ መጀመሪያ የሰማው አባዬ ነው በያት፣ እሺ?»

«እላታለሁ» አለች እሷም በሹክሹክታ፣ «ሰኞ ጆሮህን ከታየህ።»

«ምን አልሽ?» አለ። ሳቁ ግን አሳበቀበት።