ስልሳ ሁለት ኪሎ

ነገሩ ሁሉ የስልሳ ሁለት ኪሎ ጉዳይ ነበር።

«ስልሳ ሁለት ኪሎ ታቅፌ ደረጃ መውረድ አለብኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ገና ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ። «ዝናቡ ሳይገባ።»

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቀኝ ክንዳቸውን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ልታነሳው ሞከረች። ክንዱ ከጎናቸው ብዙም ሳይርቅ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ተሸክሜ ስወርድ ደረጃ ላይ ወደቅኩ።»

«ዕቃውስ?»

«ደህና ነው። እኔ ከሥር ነበርኩ።»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። ሰውየውን በዝና ታውቃቸዋለች። ከታች የእህል መደብር፣ ከላይ መኖሪያ ቤት ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሼ ሚዛን» ይላቸዋል። ከሚዛን ላይ ፍሬ ብትወድቅ ጎንበስ ብለው ያነሳሉ ይባላል። ትከሻቸው ተበጥሶ ዕቃቸውን ማትረፋቸው አልገረማትም።

«አባቴ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ሸክም አለ? ወዛደር ሞልቶ!»

«ይሄን ወዛደር አይነካውም።»

ሕክምናው ተጀመረ። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ማሸት፣ ከዚያ በር እጀታ ላይ የታሰረ ላስቲክ መሳብ። ጣቶቻቸው ግድግዳውን እንደ ሸረሪት ይወጡታል፤ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ሲያምዎት ይንገሩኝ እንጂ!»

«ከነገርኩሽ ትቀንሺልኛለሽ።»

ክንዱ ከፍ ማለት ሲጀምር የአሸዋ ከረጢት ሰጠቻቸው። በጀርባቸው አልተሸከሙትም፤ በሁለት ክንዳቸው ከፊት ታቀፉት። ብርድ ልብስ ይጠቅለልበት አሉ፤ ተጠቀለለ። ጎረምሶቹ ታካሚዎች ከረጢታቸውን ዱብ ሲያደርጉት እሳቸው በጉልበታቸው ዝቅ ብለው ነበር የሚያስቀምጡት።

«አሸዋ እኮ ነው ጋሼ፤ አይሰበርም።»

«ዛሬ መጣል ከለመድኩ ነገም እጥላለሁ።»

ደረጃ መውጣትም ይለማመዱ አለቻቸው። እምቢ አሉ።

«መውጣት የለም። መውረድ ብቻ።»

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ «ሃምሳ አምስት ይበቃል» አሉ።

«ምነው፣ ከራስዎ ጋር ዋጋ መከራከር ጀመሩ?»

«ጎድሏል።»

«ማን ወሰደብዎት?»

ሽማግሌው የሸሚዛቸውን ቁልፎች በግራ እጃቸው አንድ በአንድ ቆለፉ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወረደ ሄደ፤ አርባ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ አርባ አራት። አንድ ሰው ከቋታቸው ላይ እየቆነጠረ ነው ስትል አሰበች።

በዚያው ሰሞን የመደብሩ ወዛደሮች አለቃ ወገቡን ሊታሽ መጣ። አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ ምላሱን ፈታ።

«ይሄን ወገብ የጨረሰው ጋሼ ሚዛን ነው። ትልቁን የእህል ሚዛን አራተኛ ፎቅ አሸከመን! ሊፍት የለ፣ ደረጃው የውጭ፣ ሲዘንብ ሳሙና ነው። በሩ ላይ ተቀበለንና ዘጋብን። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ምን ይመዝናል?»

«ብር ይሆን?»

«ወይ ወርቅ! የሚወርድ ነገር ካለ በነጻ እናውርድልህ አልነው። ዓይኑን አፈጠጠብን። መደብሩ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ መቀበያው ጋ አንዲት ወንበር አለች፤ ማንም አይቀመጥባትም። ራሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። ወንበሯ እንዳታልቅበት ይሆናል!» ሳቀ፤ ወዲያው ወገቡን ይዞ አቃሰተ።

ባለሙያዋ በልቧ ደመደመች። ሰውየው የደበቁት ነገር አለ፤ እየተበላባቸው ነው፤ የቀረውን ይዘው ውልቅ ሊሉ ነው። ለዚህ ነው መውጣት የሌለው። እጇ ትከሻቸውን መፈወሱን አላቋረጠም፤ ሰላምታዋ ግን ቀዘቀዘ።

በአምስተኛው ወር ማብቂያ ሽማግሌው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ታቅፈው የክሊኒኩን ደረጃ ወረዱ። ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም። ባለሙያዋ ሳታስበው አጨበጨበች። ዞረው ሲያዩዋት ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አመመዎት?»

«አላመመኝም። በጣም ቀለለኝ።»

ከረጢቱን ዝቅ ብለው አስቀመጡ። ብርድ ልብሱን አጠፉ።

«ነገ ነው» አሉ።

በማግስቱ ባለሙያዋ ወደ ሥራ ስትሄድ በመደብሩ በኩል ዞረች። ሰማዩ ጠቁሯል። ወዛደሮቹ ጆንያ ሳያነሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አለቃቸው ያቺን ወንበር በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ማን ሊቀመጥባት ነው?» አለችው።

«እኔ እንጃ እቴ! አጽዱ ተባልን፣ እናጸዳለን።»

ከላይ በር ተከፈተ። ሽማግሌው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ነገር በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ብቅ አሉ። እንዳስተማረቻቸው ጀርባቸውን አቅንተው፣ የደረጃውን ጠርዝ በእግራቸው እየዳሰሱ ወረዱ። ባለሙያዋ ለምን እንደመጣች ረሳች፤ ዓይኗ ትከሻቸው ላይ ተተከለ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ክንዳቸው ከደረታቸው ራቀ።

«ወደ ደረት! ክንድዎን ወደ ደረት ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ጠበቅ አድርገው አቀፉ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቆዳዋ አጥንቷ ላይ የተጣበቀ እጅ ወጣችና ኮሌታቸውን ጨመደደች።

«እንደ ባለፈው እንዳትጥለኝ አንተ ሰውዬ» አለች የሰለለች የሴት ድምፅ።

«አልጥልሽም፤ ወንበርሽ ድረስ አደርስሻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ጨመርኩ፣ አንቺ ቀነስሽ፤ ሠላሳ ስምንት ላይ ተገናኘን።»