ቀኑ ያለፈበት ሥራ

የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የሳይቱ መሐንዲስ ታብሌቷን ስታይ ክው አለች። ለራሷ ማስታወሻ ብላ የጻፈችው ነገር ለካ የገባው የሕንፃው የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ ኖሯል። መተግበሪያው ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅ! ከአርማታ ሙሌቱና ከበር ገጠማው መሀል በቀይ ቀለም አስፍሮ ለሠራተኛው ሁሉ በትኖታል፦ «ለኤሌክትሪሻኑ የጋብቻ ጥያቄ መልስ መስጠት። ቀኑ አልፏል።»

ከላይኛው ፎቅ ሳቁ ወረደ። ፎርማኑ መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አነበበውና፣ «የኔ ልጅ፣ እኔን አርማታው ዘገየ እያልሽ ቁም ስቅሌን ታሳዪኛለሽ፤ ይኼኛው ደግሞ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዋት» አለ ኤሌክትሪሻኑ መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። «አጥፊው፣ ግድ የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጣቷን «ሰርዝ» የሚለው ላይ ልታሳርፍ ስትል ቀና አለች። ያ ሥራውን ሁሌ ከቀኑ ቀድሞ የሚያስረክብ ሰው፣ ወደሷ ማየት ፈርቶ በእጁ የያዘውን ሽቦ ሲልጥ ሲልጥ፣ ፕላስቲኩን ጨርሶ መዳቡን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ሳቋ አመለጣት። ጣቷ ሌላ ቦታ ነካ።

ስልኮቹ እንደገና ጮኹ። ቀዩ መስመር አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥሩም አዲስ ሥራ ተጨምሯል፦ «የሠርግ ቀን መቁረጥ። ኃላፊ፦ ኤሌክትሪሻኑ። መዘግየት አይፈቀድም።»

የተላጠው ሽቦ ከመሰላሉ ላይ ወደቀ።

«ብቻ አርማታ የምንሞላበት ቀን ላይ እንዳትጥሉት!» ሲል ጮኸ ፎርማኑ።