አፍ የሌላቸው

«ዜሮ ብለው ይፈርሙልኝ፣ እትዬ። ሳህኑ ባዶ ነው» ይላል ኢንጂነሩ፣ እስክሪብቶውን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ።

እውነቱን ነው፣ ባዶ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ጅረቱ ውስጥ ተገትሬ የውሃ ነፍሳት ፍለጋ መረቤን ሦስት ጊዜ ጣልኩ፤ ነጩ ሳህን ላይ የቀረው አሸዋ ብቻ ነው። እኔ የውሃ መርማሪዋ «ሕይወት የለውም» ብዬ ከፈረምኩ፣ ምንጩን ቱቦ ውስጥ ከተው ጅረቱ ላይ የመኪና ማቆሚያ ያነጥፉበታል። ሃያ አንድ ዓመት የመረመርኩት ጅረት!

«ባለፈው ሳምንት እንምጣ ስላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁኝ።»

«በአንድ ሳምንት ውስጥ ትሉ የት ይሄዳል?»

ትል? ደሜ ይፈላል። ጎንበስ ብዬ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ የነበረውን ድንጋይ አቅፌ አነሳና ወደ ፊቱ አስጠጋለታለሁ። በደረቁ ጎኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ባዶ ቆዳዎች ተጣብቀዋል፤ ጀርባቸው ተሰንጥቋል፣ ሦስት ሦስት ጭራቸው ግን እንዳለ ነው።

«የነፍሳቱ ልብስ ነው። ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሥር ሲያድጉ ከርመው፣ ክንፍ አውጥተው በረሩ። ቤት የሉም ማለት ሞቱ ማለት ነው? አንተን ቢሮ ባጣሁህ ቁጥር ለቅሶ ልድረስ?»

መኪናው ጋ የቆመው ሾፌር ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ኢንጂነሩ አይስቅም።

«ታዲያ የት አሉ?»

«ቁጥቋጦው ውስጥ። ሲመሽ ውሃው ላይ ተመልሰው እንቁላላቸውን ይጥሉና ይሞታሉ። አንድ ሁለት ቀን ነው ያላቸው፤ የሚበሉበት አፍ እንኳ የላቸውም።»

«አፍ ከሌላቸው አቤቱታ አያቀርቡማ!»

«እኔ አለኝ።»

ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ነው የቀረዎት። ምን አከራከረዎት? እርስዎ እምቢ ካሉ ሌላ መርማሪ ይፈርማል።»

እፈራለሁ፤ አልዋሽም። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዜሮ አልጽፍም።

«ወዲህ በል ወረቀቱን!»

ድንጋዩን አስቀምጬ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አሥራ ሰባት። እጽፋለሁ። ቀና ስል፣ ነጭ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ከበረሩት አንዷ ክንፏን ቀጥ አድርጋ፣ ሦስት ጭራዋን ዘርግታ ቆማለች። ሊያራግፋት እጁን ያነሳል።

«እንዳትነካት!»

እጁ አየር ላይ ይቀራል። «በሕይወት የተገኘ» ከሚለው ሥር «አንድ» እላለሁ። «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ሥር «የኢንጂነሩ ኮሌታ» ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ።