መርፌ ወጊዋ

ዶክተሩ ራሱ ታሞ መርፌ ታዞለት ሱሪውን ዝቅ አድርጎ በሆዱ ሲተኛ፣ ሲስተር ራሕዋ መጋረጃውን በሥርዓቱ ዘጋች። የታካሚ ገመና ይከበራላ! ትናንት በዚሁ የካዛንቺስ ክሊኒክ፣ የመድኃኒት መጠን ደግማ ብትጠይቀው፣ «አንቺ መርፌ ወጊ ነሽ፤ ውጊ በቃ!» ብሎ በሽተኛ ፊት አዋርዷት ነበር። እነዚያው በሽተኞች ዛሬም ከመጋረጃው ማዶ ተቀምጠዋል፤ የታዘዘላቸው መርፌ ገና አላለቀማ።

«ሲስተርዬ፣ ቀስ በይ እሺ?» አላት። ሲስተር ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«ዘና ይበሉ፣ ዶክተር።»

ታካሚን ከመንካትሽ በፊት ንገሪው ይላል ትምህርቱ። ይቺን ብቻ ዘለለቻት።

«ወይኔ እናቴ! ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። ከመጋረጃው ማዶ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ።

ራሕዋ በትሕትና፣ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አይዞዎት ዶክተር፣ ጥጥ ነው» አለችው። «መርፌውን ገና አላነሳሁትም።»