አልደረሰችም

ወይዘሮ ስንዱ ከቤይሩት ታማ የምትመለሰውን ልጃቸውን ትርንጎን ለመቀበል ኤርፖርት ሲመላለሱ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከልጅቷ አሠሪ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ስልካቸው ላይ ገብታ ነበር። አንድ የታክሲ ሹፌር አነበበላቸውና፣ «አልደረሰችም ነው የሚለው፤ አውሮፕላኑ አምልጧት ይሆናል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ቢደውሉ የሚያነሳ የለም።

ዛሬ የትርንጎ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበሩት መምህር ጌጤነህ አብረዋቸው መጡ።

«እስቲ እርስዎም ይዩልኝ» ብለው ስልኩን ሰጧቸው።

መምህሩ አነበቡት፤ «She didn't make it» ይላል። ቀና ሲሉ ወይዘሮ ስንዱ ልጃቸው እንዳይበርዳት ያመጡላትን ሹራብ ታቅፈው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸዋል።

«አልደረሰችም ነው አይደል የሚለው?»

ቃል በቃል ከሆነ እንደዚያም ያስኬዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን የታመመ ሰው ሳይተርፍ ሲቀር እንዲህ ይላሉ። ትርንጎ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ይህችን አባባል ያስተማሯት ራሳቸው መምህሩ ነበሩ።

ስልኩን መለሱላቸው።

«አዎ፣ እትዬ ስንዱ» አሉ።

«እንግዲያ በሚቀጥለው አውሮፕላን ትመጣለች» አሉ እናት፣ ሹራቡን ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ።

መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው ይጠብቁ ጀመር።