አንዲቷ ቁልፍ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ ልጆቼ። ገነተ ማርያም ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ አልጣሽ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ሞባይል ጠጋኙ ኢያቄም ስልካቸውን በፍየል ቆዳ ሰፍቶ አረንጓዴዋን ቁልፍ ብቻ አጋልጦላቸው ነበር። «ሲጮህ እሷን መጫን ነው፣ በቃ!» ብሏቸዋል። ያን ቀን ልጃቸው ቄስ አረጋ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ተስፋ ስላልሰጡት፣ ኦፕራሲዮን ሳይገባ ድምፃቸውን ሊሰማ በሰው ስልክ እንደሚደውል ልኮባቸዋል።

ስልኩ ጮኸ። እማማ አልጣሽ ግን እጃቸውን ወደ ቁልፏ አልሰደዱም። መጀመሪያ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን እያባበሉ፣ «መጣሁ አባቴ፣ መጣሁ» እያሉ ተነሡ። ቆመው ቁልፏን ሲጫኑ ስልኩ ዝም ብሏል።

ጥሪውን የሰማው ኢያቄም ከደጅ ሮጦ ገባ። «ምነው እማማ! ቁጭ እንዳሉ አያነሱትም ነበር?»

«አንተ! ብወልደውስ፣ ቄስ እያናገረኝ ቁጭ ልበል?»

ኢያቄም የተሸፈኑትን ቁልፎች ለማግኘት የቆዳውን ስፌት በጥርሱ በጥሶ መልሶ ደወለ። የማያውቀው ሰው አነሣና «ቄሱን አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧቸው» አለው።

«ምን አለህ? ባረከኝ?» አሉ እማማ አልጣሽ፣ እንደቆሙ። ቄስ አረጋ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም። ልጆቼ፣ ለአዛውንት ዕቃ ስትሠሩ፣ እኒያን ቆመው የቀሩ እናት እባካችሁ አስታውሱልኝ።