የመብራት ዕቁብ

ከየጣሪያው የሚሰበሰበው የፀሐይ ኃይል በዓለም ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ አዳማ ውስጥ አምፖል የሚያበራ ሰው ጠፍቷል። የሠፈሩ ሰው በየባትሪው ያጠራቀመውን በዕቁብ ያዋጣል፤ ዕጣ የወጣለት የሁሉንም ወስዶ ዋጋ ሲወደድ ይሸጣል። ዛሬ ዕጣው ለውድነሽ ወጣ።

እሷና ባሏ ጥላዬ ሰንበትም በዓልም ሳይሉ ለሥራ የሚወጡት ሳይነጋ ነው፤ የሚገናኙትም ከመሸ በኋላ፣ በጨለማ።

ጥላዬ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ «አውሮፓ በረዶ ጥሏል! ዋጋው ጣሪያ ነክቷል፤ ሽጪው!» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ቆይ፣ ቆይ! ሰዉ ሁሉ እየጠበቀ ነው። ነገ ከዚህም ይወደዳል» አለ።

«ዓመቱን ሙሉ ዋጋ፣ ዋጋ! ዛሬ ደግሞ ሽጪ፣ ቆይ፣ ሽጪ፣ ቆይ! አሁንስ በቃኝ!» አለችና ማብሪያውን ቀጭ አደረገችው።

ቤቱ ቦግ አለ። ውድነሽ ወደ ጥላዬ ጠጋ ብላ ጭንቅላቱን አየችና ሳቋ አመለጣት። «አንተ! ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣ?»

እሱም ዓይኑን እያሻሸ አያት። «አንቺስ ይሄን የመሰለ ቀሚስ መቼ ገዛሽ?»

«አምና፣ ለፋሲካ።»

ስልኩ አዲስ ዋጋ መጣ ብሎ ጮኸ። ጥላዬ ሳያየው ትራስ ሥር ወተፈውና፣ «እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ በደንብ ልይሽ» አላት።